ሰማይን የማይስት ተኳሽ

የጎጃሟ ሽንዲ የስፖርት ከተማ መሆኗን የሚጠራጠር ካለ በጥር ወር ይምጣ። ሞቅ ያለ ሠርግ ይምረጥና ዳሱ ውስጥ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጥ፤ ጠላውን ይቀበል። ሙሽሪት ብቅ ስትል ኮቱን ገለጥ፣ ወገቡን ዳበስ የሚያደርግ ጎልማሳ ያያል። ከዚያ በኋላ ያለው ውድድር በዓይን ሳይሆን በጆሮ የሚታይ ነው።

ፈረንጆች ወደዚህ የሽጉጥ ስፖርት የመጡት ዘግይተው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ፣ ጄፍ ኩፐር የተባሉ የቀድሞ መኮንን ከብጤዎቻቸው ጋር ተሰብስበው የተግባራዊ ተኩስ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። መፈክራቸው ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት የሚል ነው። ተወዳዳሪው ሽጉጡን ከማህደሩ መዝዞ፣ እየሮጠና እየተጠለለ የካርቶንና የብረት ኢላማ ይመታል፤ ያገኘው ነጥብ በወሰደበት ሰከንድ ይካፈላል። አየህ ድካም! እኛ ትክክለኛነቱንም ኃይሉንም ፍጥነቱንም ትተን ድምፁን ብቻ ይዘናል።

እነሱ ዘንድ አንድ ክርክር አለ። ብዙው ተወዳዳሪ አፈሙዙ የረዘመ፣ ከበድ ያለ፣ ካዝናው ብዙ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ይመርጣል። ከባድ ብረት እጅ ላይ አይዘልም፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ሲራራቅም የዓይን ስሕተት ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን በየዕለቱ ወገቡ ላይ የሚሸጉጣትን አጭር ሽጉጥ ይዞ ይቀርባል። ለምን ሲሉት፣ በክፉ ቀን እጄ የምትገባው ይህች ስለሆነች ልለማመድም የሚገባኝ በእሷ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ምስኪን፣ ሽንዲ ቢወለድ ኖሮ የወንበርማ ወረዳ ሻምፒዮን ይሆን ነበር።

እኛ የአጭር ሽጉጥን ችግር ከሥሩ ነቅለነዋላ! ማካሮቭን እንውሰድ። የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. የተቀበላት፣ በደርግ ዘመን በየመኮንኑ ወገብ የታየች ሽጉጥ ናት። አፈሙዟ 93 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 730 ግራም፣ ካዝናዋ 8 ጥይት። ለቅርብ ጠብ፣ ለጭንቅ ሰዓት የተሠራች ናት እንጂ ራቅ ብሎ የቆመ ጠርሙስ በእሷ መምታት የዓመታት ልምምድ የፈታው እጅ ይጠይቃል። በየኬላው ተያዙ የሚባሉት ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦችም ዕዳቸው ያው ነው። ታዲያ የእኛ ሰው ይለማመድ? መቼ! በርበሬውን መሸጥ አለበት፣ በቆሎውን ማስወቃት አለበት። ስለዚህ እጁን ከማሠልጠን ኢላማውን ማስፋት ቀለለው፤ ሰማይን መረጠ። ሰማይን እስካሁን የሳተ የለም። ቢጨልምም፣ አረቄው ቢበዛም፣ ዓይን ቢጨፈንም ሁሌም መሀል ለመሀል ነው።

አያቶቻችን ይህን ብልሃት ባለማወቃቸው ብዙ ለፍተዋል። ከ1928 እስከ 1933 ጎጃም ከጣሊያን ጋር ሲተናነቅ አርበኛው ጥይት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከጠላት ነጥቆ ነበር። አንዷን ፍሬ ለመተኮስ ምንሽሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ዒላማው እስኪቀርብ ይጠብቃል። እነበላይ ዘለቀ ያንን ሁሉ ጊዜ በማድፈጥ ከሚያባክኑት አንድ ካዝና ወደ ላይ ለቀቅ ቢያደርጉ ጣሊያን በድምፁ ደንግጦ አስመራ በገባ ነበር። ደግሞ ያኔ መጀመሪያ ይመታል፣ ፉከራው ይከተላል። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተሻሽሏል፤ ፉከራው ተፈጽሟል፣ መምታቱ ጊዜ ሲገኝ ይታሰብበታል።

የፈረንጆቹን የውድድር ሕግ እንዋስ የሚሉ አሉ። እኔ አልደግፍም። በእነሱ ሕግ ጥይቱ ከኢላማው ጀርባ ካለው የአፈር ክምር በላይ ያለፈበት ይባረራል። ሽጉጡ ከእጁ የወደቀበት ይባረራል። ዳኛ ሳያዝዘው ሽጉጡን የነካ፣ አፈሙዙን ወደ ሰው ያዞረ፣ ጠጥቶ የቀረበ፣ ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ነው። በዚህ ሕግ ብንዳኝ ሚዜዎቹ ገና ከሙሽራው ደጅ ሳይነሡ ያልቁና ሙሽራው ሚስቱን ለብቻው ሊያመጣ ነው። አማቾቹስ ምን ይላሉ?

ማህደር የሚሉት ነገርም አለ፤ ቃታውን ሸፍኖ ሽጉጡን አጥብቆ የሚይዝ ቦርሳ። የእኛ ጀግና ማህደሩ ሆዱ ነው። የተቀባበለች ሽጉጥ በቀበቶውና በእምብርቱ መካከል ሰክቶ እስክስታ ይወርዳል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወገቡም ይከተላል፣ ወገቡ ሲከተል ሽጉጧ ትንሸራተታለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አበው እንዲህ ያለ ጨፋሪ ሳያዩ አልቀሩም። አፈሙዙ በዚያች ሰዓት ወዴት እንደሚያይ እዚህ ማተት ነውር ነው፤ ሚስቱ ግን ብታስብበት መልካም ነበር።

ወደ ላይ የሄደችው ጥይት መንግሥተ ሰማያት ገብታ እንደማትቀር የሚናገር ሰው በሠርጉ መሀል አይወደድም፤ ምቀኛ ይባላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የማካሮቭ ጥይት ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ትምዘገዘጋለች። ቀጥ ብላ ከወጣች አየሩ እያዘገያት ትመለሳለች። የሞቀው ሰው እጅ ግን መቼ ቀጥ ይላል? ያዘነበለችዋ ብዙ ጉልበቷን እንደያዘች ሄዳ ሄዳ የማታውቀው ሰው ቤት ላይ ታርፋለች። ቆርቆሮውን ብቻ በስታ ብትቆም ምስጋና ነው። ከቆርቆሮው ሥር የተኛ ሰው ካገኘች ግን ስሟ ይለወጣል፤ ስትወጣ የደስታ ነበረች፣ ስታርፍ ድንገተኛ ትባላለች። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ተኳሹም እኔ እኮ ወደ ላይ ነው የተኮስኩት ይላል። ልክ ነው፤ እሱ ወደ ላይ ነው የተኮሰው።

በአካባቢው ውጊያ ከተነሣበት ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሽንዲ ተኩስ የሰማች እናት የማን ሠርግ ይሆን ብላ አታጨበጭብም። ልጆቿን ከመስኮት አርቃ መሬት ላይ ታስተኛለች። ባለሽጉጡ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የእሱም ልጆች በሌላ ሰው ሠርግ እንዲሁ ተኝተዋል።

የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቁጥጥርም አለው። አዋጁ ወጣ፣ ሰማዩም እዚያው አለ።

ስለዚህ ውድድሩን በወግ እናቋቁመው እላለሁ። ምድቡ አንድ፣ አጭር ሽጉጥ ብቻ። ስፖንሰር ከወዲሁ አይጠፋም፤ የቆርቆሮ ነጋዴዎች አሉ። የነጥብ ዳኛም አያስፈልግም፤ ሰማዩ መመታቱን ሠርገኛው በሙሉ ይመሰክራል። ቀለሁን ልጆች ይለቅማሉ። የሚያስቸግረው ጥይቷ የምታርፍበትን ቦታ የሚመዘግበው ሰው ነው። አበሉ ጥሩ ነው ብለን ብንለምንም የት ሆኜ ልመዝግብ እያለ ሁሉም ይሸሻል።