ናይሮቢ ያለ ቪዛ

የጅማ ቡና ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ጃፓን ሲጓዝ የጥራትና የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። «ባንክ ስንት አለህ? ላለመቅረትህስ ዋስትናህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያፋጥጠው ቆንስላ ግን የለም። ቡናውን ያበቀለው የአጋሮና የሊሙ ገበሬ ልጅ ይህን ያህል አይታመንም። ለእሱ ያለ ቪዛ የተከፈተው ቅርብ በር ኬንያ ነው።

ደግ፣ ናይሮቢ ይሂድ! ምክሩ ከአቦል እስከ በረካ ይወርዳል። እናት በሶ፣ ጭኮ፣ በርበሬና የተቆላ ቡና ሻንጣው ውስጥ ትጠቀጥቃለች፤ ኬንያም ቡና አብቃይ መሆኗን ቢነግሯት አትሰማም። ወሊሶን አልፎ የማያውቀው አጎት ስለ ዶላር ምንዛሪ ያስተምራል። ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ግን ያየ የለም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አልተገኘም። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ የእኛ ቻርጀር ባለ ሁለት እግር መሆኑ ደግሞ የሚታወሰው ስልኩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ እናትህን ሳታስቀይም በሶውን ጥቂት ቀንስ፤ በቦታው የሶኬት ማስማሚያ፣ የመመለሻ ቲኬትህንና ያቺን ቢጫ ካርድ ክተት።