ፀሐይ አዳር አትሠራም

«እትዬ፣ በሩ ሥር ክፍተት አለ።»

«ክፍተት አትበለው፤ አየር ማናፈሻ ነው። ደግ ሆኜ እንጂ ኪራይ ላይ እጨምርበት ነበር።»

«ትናንት ማታ ድመት ገባችበት እኮ!»

«እሷስ ገብታ ወጣችልኝ። አንተ ከገባህ ስንት ዓመትህ?»

በአዲስ አበባ ግቢዎች እንዲህ ያለው ሙግት የሚደራው ክረምቱ መስከረም 25 ከተሸኘ በኋላ ነው። ሰዉ ጃንጥላውን አጥፎ «ተመስገን፣ ብርዱ አለፈ» ይላል። ያለፈው ዝናቡ ነው ወገኖቼ፤ ብርዱማ ገና መምጣቱ ነው።

«አገራችን የ13 ወር ፀጋ አይደለችም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ናት እንጂ! ግን ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያንን መፈክር ለቱሪስቱ ሲያወጡ የመሰከሩት ለፀሐይ ነው። ፀሐይ ደግሞ አዳር አትሠራም። በሐምሌ ሌሊት ደመናው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ወደ ታች ይልከዋል። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ይገለጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማችንም ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ለከዋክብት ስትመጸውት ታድራለች። የሕዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከሐምሌው የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ወደ 5 ዲግሪ የሚወርድበትም አለ።

«ምን ችግር አለው፣ በጥቅምት አንድ አጥንት!» ይላል ደግሞ ሌላው። ይህን የተረተው ሰው የዛሬ ሉካንዳ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። አጥንቱ ይቆያችሁና ቀዳዳችሁን ፈልጉ።

አፈላለጉ ቀላል ነው። ማታ ነፋስ ሲነሳ ጧፍ ለኩሳችሁ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ መጋረጃውን ግን አደራ። ነበልባሉ የተጎነበሰበት ቦታ የብርዱ መግቢያ ነው።

«ጭራሽ ካጠፋውስ?»

«እንግዲያው ሁለተኛ በር አለህ ማለት ነው።»

«ሁለተኛ በር ካለው ኪራዩም የሁለት ክፍል ነው!» እትዬ ናቸው፤ ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ።

መድኃኒቱ የብርድ ልብስ ዋጋ አያወጣም። የላሜራ በር ከሆነ መቃኑ ላይ ቀጭን ስፖንጅ ለጥፉበት። ለደፉ የአሮጌ ጂንስ አንድ እግር ቁረጡና አሸዋ ሞልታችሁ፣ ሁለት ጫፉን ሰፍታችሁ አጋድሙት፤ ድመቷም አማራጭ ታፈላልግ። የመስኮቱ መስታወት ከተንቀጫቀጨ ስቱኮው ረግፏል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ዝናቡ ሲያቆም ደርቆ ከእንጨቱ ይላቀቃልና ጭቃና ጭድ አቡክቶ መምረጊያው ጊዜ አሁን ነው፤ ፀሐዩ ያደርቀዋል።

ኮርኒስ የሌለው ቤት ጉዳዩ ከባድ ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ተቀብሎ ለሰማይ ያስረክባል። ጎረቤቴ «ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል፤ ምን ጉድ ነው?» ቢለኝ፣ «የራስህ ትንፋሽ ነው፤ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ አድሮ ጠዋት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል» አልኩት። «ብድር የሚመልስ አንድ ነገር ተገኘ በለኛ!» አለኝ። ተረታሁ። ለማንኛውም ማዳበሪያም ይሁን አቡጀዴ፣ ከቆርቆሮው ሥር የተወጠረ ነገር ከባዶው ይሻላል።

እስካሁን ተሳሳቅን። አሁን ግን አንድ ጀግና ይነሳል፦ «ምን አስጨነቃችሁ፣ እኔ የፋመ ከሰል አስገብቼ በሬን ጥርቅም አድርጌ እተኛለሁ።» ለዚህ ሰው ተረብ የለኝም። «ጭሱ እኮ አልቋል» ይላል። ያለቀው የሚታየው ነው። ከፋመ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለው፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ የተኛውን ሰው ደግሞ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። «አጠገቡ ውሃ በሳህን አስቀምጣለሁ» ለሚለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ አይጠጣም። ቀዳዳውን ሁሉ በደፈናችሁ መጠን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ቤታችሁን ከደፈናችሁ ከሰሉን አስወጡ።

ከበረዳችሁ ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ አስተኙ። ራሳችሁን ካመማችሁ ደግሞ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ውጡ። ከሰሉ ቡናውን በር ተከፍቶ ያፍላ፤ ሲጨርስ ደጅ ይደር።