ችግሬን መልሱልኝ

ሰው እኔ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ከዓለም የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ጥርሱ የሚችለው እንጀራ፣ ወገቡ የሚችለው መደብ፣ ምሬቱን ሳያቋርጥ የሚሰማለት አንድ ጆሮ። እንጀራው አልሐምዱሊላህ አለ፤ መደቡም አለ። ጆሮውን ግን ሲሪንቃን ከላይ እስከ ታች ብታስሷት አታገኙትም። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስታልፉ በመኪና መስኮት የምታዩዋት ከተማ ናት፤ ስንት ነገር ጎድሏት ቀልደኛ ብቻ ተርፏታል። አንድ ሽማግሌ በወጉ ላማርር ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ገና ነገሩን ሳያጋምስ አንዱ ጣልቃ ይገባና ያበላሽበታል። ሰው ይስቃል። ምሬቱም እዚያው ይቀራል።

በጠራራ ፀሐይ የሚዘረፍ ንብረት ቢኖር ይህ ነው። ጠዋት ከቤቴ ችግሬን ሙሉውን ይዤ እወጣለሁ። ቡና ላይ አቦሉ ሲቀዳ እጀምራለሁ፤ ቶናው ላይ እየተቀባበሉ ይስቁበታል፤ በረካው ሲደርስ ችግሬ የመንደሩ ሆኗል፤ እኔ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ እገባለሁ። ማታ የምብሰለሰልበት እንኳ አያስቀሩልኝም፤ ጎኔን ሳሳርፍ እንቅልፍ ይወስደኛል። በዚህ ኑሮ፣ በዚህ የዘይት ዋጋ፣ ድብን አድርጎ የሚተኛ ሰው ምን ይባላል? ልጆቹ እንኳ «አባባ ተመችቶታል» ቢሉ ምን እመልሳለሁ?

የ2013ን ዓመት ብቻ ላንሳ። በአንበጣ ተጀምሮ በጦርነት ያለቀ ዓመት ነው፤ ለሚያማርር ሰው ከዚህ የሚበልጥ አይመጣለትም። መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው ፍሬ ቋጥሮ ሳለ፣ የአንበጣው መንጋ በራያ ቆቦም በእኛው በሐብሩም ሰማዩን ሸፈነው። የአንበጣን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት አንዱ በቀን የሰውነቱን ክብደት ያህል፣ 2 ግራም ግድም ይበላል፤ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ደግሞ እስከ 80 ሚሊዮን ሊኖር ይችላል። እኔ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ማባዛት አይከብደኝም። በቀን 1,600 ኩንታል ማለት ነው! ጅራፉም ጀሪካኑም ቆርቆሮውም ወጣ። ሴቱ ይጮኻል፣ ልጁ ያፏጫል፤ እኔ የባለቤቴን ትልቁን ድስት አውጥቼ በማማሰያ እየደበደብኩ ማሳዬን እዞራለሁ። እንባዬም ይወርዳል፤ ውሸት የለበትም። ከድንበሩ ማዶ ጎረቤቴ ሸህዬው፣ ማሽላው ከእኔ ቀድሞ የተበላበት፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «አያ፣ በዚህ አመታትህ እኮ ይጨፍራል እንጂ አይሄድም! ምቱን ቀይረው እንጂ» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ማሽላዬ እየተበላ፣ ድስቱ በእጄ እንዳለ፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ማሽላ የሌለን ሁለት ሽማግሌዎች ድንበሩ ላይ ቁጭ ብለን ስንስቅ አንበጣው በሰላም በላ። ድስቱም ጎድጉዶ ቀረ፤ ከባለቤቴ ጋር የድስቱ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰና ወልድያ ተያዘች። እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። የዚያን ጊዜውን ሐዘን ባለቤቱ ይናገረው፤ እኔ አልነካውም። ባንኩን ግን እነካዋለሁ። አንድ ማታ በኩራዝ ተሰብስበን፣ አንዱ «በዚህ ዘመን እፎይ ያለ ሰው ቢኖር ባለ ዕዳ ብቻ ነው» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። ተናጋሪው ማን ይመስላችኋል? እኔ ያበደርኩት ሰው! ባንኩ ከተከፈተ ስንት ጊዜው፤ ገንዘቡን አልመለሰም። ቀልዱን ግን በሄደበት ሁሉ ይመልሰዋል።

ከሁሉ የባሰችው ግን የልጆቼ እናት ናት። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት አገር ናት፤ እኔም ከተመራማሪዎቹ ጋር ማሳ ዳር ቆሜ ብዙ አውርቻለሁና የአቀንጭራን ነገር ጠይቁኝ። አቀንጭራ የማሽላ ጠላት ነው። አንዱ እግር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያረግፋል፤ ዘሩ ከማነሱ የተነሣ ዱቄት ነው የሚመስለው። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የማሽላ ሥር አጠገቡ ሲደርስ ይነቃና ይጣበቅበታል። ከዚያ ወዲያ ማሽላው የሚሠራው ለእሱ ነው። ዝናብ ጥሎም ማሽላው የጠማው መስሎ ይጠወልጋል፤ ገበሬው ሰማዩን ያማል፤ ሌባው ግን ገና ከመሬት አልወጣም።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ቡና ላይ በወጉ አስረዳሁ። «ለራሱ ብሎ እምብዛም አይሠራም» አልኩ። «የሌላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በመጨረሻ ሐምራዊ አበባ አውጥቶ አምሮበት ይቆማል።» ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ሁሉንም አግኝቼብሃለሁ» አለች፤ «አበባውን ብቻ ነው ያጣሁት።» በሐብሩ ገበሬዎች መካከል ስለ አቀንጭራ የእኔን ያህል የሚያስረዳ ስንት አለ? ዛሬ ግን በመንደሩ ሴቶች ዘንድ ስሜ «አበባ የለሹ» ሆኖ ቀርቷል።

አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የሚባሉ የማሽላ ዝርያዎች መጥተዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። ቁም ነገር ማለት እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ድሮዎቹ ስለ ወተት በጉንጬና ስለ ማርጩቄ ማዘን ያምረኛል፤ ስማቸው ራሱ ያጠግባል፤ ዝናቡ እያጠረ ሲሄድ ቶሎ ለሚደርስ ዘር ቦታ እየለቀቁ ነውና። ይህን ማንሳት ስጀምር ሸህዬው፣ «ዘሩ እንኳ አብሽር እያለህ ምን ያነጫንጭሃል?» ብሎ ይዘጋኛል።

ይህ አመል የዛሬ አይደለም፤ ወላሂ በ77ቱ ረሃብም ነበር። ለእርዳታ ስንዴ ተሰልፈን መዝጋቢው አንዲት እናት ዘንድ ደረሰና «ቤተሰብ ስንት ነው?» አላቸው። «በላተኛው ሰባት ነው ልጄ፤ የጠፋው የሚበላው ነው» አሉት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሆድ ያልቀረለት ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መዝጋቢው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ጥሎ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ እንዲህ ባለ ቀን ይሳቃል ወይ እያልኩ አጉረመረምኩ፤ ያኔም ሰሚ አላገኘሁም።

ያኔ በሰፈራ ብዙ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር ተጭኖ ሄዷል። ከመተከል በእግሩ ተመልሶ የመጣ አንድ የአገሬ ሰው ነበር። «አገሩ እንዴት ነው?» አልነው። «አፈሩ ወርቅ ነው፤ የቀበርከው ሁሉ ይበቅላል» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ከእኛ ሰው በቀር» አለ። ወንድሙን እዚያ ቀብሮ ነው የመጣው። ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ዱላ እንማዘዝ ነበር። እሱ ስለተናገረው ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻለው።

ነገሩን ስንት ዘመን ሳላምጠው ኖሬ የደረስኩበት ይህ ነው። ለተራበ ሰው «ራበኝ» ብትለው ምን አዲስ ነገር ነገርከው? ማሽላው ለተበላበት «ማሽላዬ ተበላ» ማለት ትንፋሽ ማባከን ነው። ሁሉም ያው ችግር ባለበት አገር ችግርህ እንዲሰማልህ ካሻህ አጣፍጠህ ማቅረብ አለብህ፤ አለዚያ የሰሚው ጆሮ በራሱ ጣጣ ተሞልቷል። ይህን አልክድም። ግን እኔ መቼ አጣፍጬ አቀረብኩ? እኔ ደረቁን ነው ያቀረብኩት፤ ያጣፈጡት እነሱ ናቸው፤ የበሉትም እነሱ ናቸው።

የቅሬያችንን ነገር ደግሞ ስሙልኝ። ቅሬ እንኳ ጨዋታ የሌለበት ነገር ነው ብዬ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሬሳ የሚያነሣበት ነው። መዋጮው ይጨመር ሲባል ብድግ አልኩና፣ «ጎበዝ፣ እኔ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ስከፍል ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን ግን አልተጠቀምኩበትም» አልኩ። የቅሬው ዳኛ መዝገቡን ከደን አደረገ። «ማን ከለከለህ አያ? በፈለግህ ቀን ተጠቀምበት።» ከዚያ ወዲህ ሳስል እንኳ «ሊጠቀም ነው» ይላሉ።

ባቡሩን አላነሣም ብዬ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው የባቡር መንገድ ሥራው የተጀመረው በ2007 ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከብት ይጠብቃል፤ ባቡሩ ግን እስካሁን ሲያፏጭ አልሰማነውም። ይህን አንድ ቀን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ የባጃጅ ልጆች አሁን እኔን ባዩ ቁጥር «ባቡር! ባቡር! ሐራ ገበያ፣ የቀረው አንድ ሰው!» ይላሉ።

ይህን ሁሉ እንደምንም ችዬው ነበር። ባለፈው ግን የልጅ ልጄ፣ ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ ሳማርር ከጎን ሆኖ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ማንጎ ይዤ መርሳ ስወርድ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ሮጦ መጣ። ጉልበቴን ሊስም መስሎኝ ተስተካክዬ ቆምኩለት። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ‹ዩሪያ!› ይበሉልን» አለኝ። ጓደኞቹን ጠራ፤ አራት ስልክ ተደገነብኝ። እኔም ተቆጣሁ፤ ለካስ የፈለጉት ቁጣዬን ኖሯል። ጎረምሳው እንደነገረኝ ጅዳም ካናዳም ያለ ሰው ስቆብኛል።

እዚህ ላይ ነው ነገር የምለየው። ሸህዬው ሲስቅብኝ የራሱም ማሽላ ተበልቶ ነው። ያ የስንዴ ሰልፍ የሳቀው በባዶ ሆዱ ነው። የቅሬው ዳኛ ቢቀልድብኝ አንድ ቀን ቃሬዛዬን ከፊት የሚሸከመው እሱ ነው፤ ወይም እኔ የእሱን። አበባ የለሽ ያለችኝም፣ አቀንጭራ የሚበላው ማሽላ የእሷም ነው። እነዚህ ፈቃድ አላቸው። ዩሪያ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ብቻውን የሚስቅብኝ በማን ፈቃድ ነው? ቀጥሎ ደግሞ ጣቱን ገፋ አድርጎ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል አሉ። ሸህዬው ቢያንስ ከሳቀ በኋላ ግማሽ ኩንታል ማሾ አበድሮኛል።

አዲስ አበባማ ሳቅን በትምህርት ቤት እስከ መማር ደርሰዋል። በላቸው ግርማ የሚባሉ ሰው ከ3 ሰዓት በላይ ስቀው በዓለም ስማቸውን አስጠርተዋል፤ የሳቅ ትምህርት ቤትም ከፍተዋል። ብዙ መከራ አሳልፈው የጀመሩት ነውና በእሳቸው ላይ ምላሴን አልዘረጋም። ግን ሦስት ሰዓት ምን አላት? ባለቤቴ በእኔ ላይ ከቁርስ እስከ እራት ትስቃለች፤ እስካሁን መዝጋቢ አልተላከላትም።

የሚያስፈራኝ የአለቃ ገብረ ሐና ዕጣ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ እንደሚነግሩኝ ሰውየው የፎገራ ሰው፣ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም ያመነጩት እሳቸው ናቸው። አገሩ የሚያስታውሰው ግን ቀልዳቸውን ነው፤ ያልቀለዱትንም ጨምሮ። እኔም ስሞት ስለ ዝናቡ ማጠር፣ ስለ አፈሩ መታጠብ፣ ስለ ማዳበሪያው የተናገርኩት ሁሉ ይጠፋና፣ «ድስት መትቶ አንበጣ ያስጨፈረው ሽማግሌ» ተብዬ እቀራለሁ።

ይህን ስታነቡም የሳቃችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አንበጣ ማሳውን የበላበት፣ የዩሪያ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ስቆ ከሆነ አልቀየመውም፤ ድርሻው ነው። የቀራችሁት ግን በነፃ አይሆንላችሁም፤ የዘንድሮውን የቅሬ መዋጮዬን ትከፍሉልኛላችሁ። ሲሪንቃ ወርዳችሁ የቅሬው ገንዘብ ያዥ የት ነው ብትሉ ልጅ ሁሉ ያሳያችኋል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብሩን እንዳትለቁ ብቻ፤ ባንክ ሲዘጋ እፎይ ያለው ሰውዬ እሱ ነው።