ንዋየ ድመት፦ ግልገል ወደ ቤት ከመግባቷ አስቀድሞ ስለሚገዙ ዕቃዎች የቀረበ ሐተታ

ሰው ከእንስሳት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ለበሬው ቀንበር፣ ለፈረሱ ኮርቻ፣ ለንቡ ቀፎ፣ ለውሻው ሰንሰለት አስቀድሞ እያዘጋጀ ሲቀበል የኖረ ሲሆን፣ ለድመት ግን ምን ምን ንዋይ ሊሰናዳላት እንደሚገባ እስከ ዛሬ ድረስ የጸና ሥርዓት ሳይወሰን መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ግልገሏ ወደ አዲስ አበባ ቤት የምትገባው እንደ ሌላው ከብት በገበያ ተመርጣ፣ ጥርሷ ታይቶ፣ ዋጋዋ ተቆርጦ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ቤት በልጅ ሹራብ ውስጥ ተሸሽጋ፣ በምሽት ነው፤ የቤቱ አባወራም መግባቷን የሚረዳው ከሶፋው ሥር ድምፅ ሲሰማ ስለሆነ፣ የዝግጅቱ ዘመን ከመግባቷ በፊት ያለው ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ከገባች በኋላ ያለው ሌሊት ይሆናል። ይህ ሐተታ ያንን ሌሊት ለማሳጠር የተጻፈ ነው።

ነገርን ከጥንቱ መጀመር ሥርዓት ነውና ከጥንቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ምርምር፣ በዓለም ያሉት የቤት ድመቶች በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረው የዱር ድመት እንደ ወረዱ አስረድቷል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎም በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መቃብር መገኘቱ ተነገረ፤ በመቃብሩ ውስጥ አንድ ሰው፣ ከእርሱም 40 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ በተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ስምንት ወር ገደማ የሆናት ድመት ተቀብረው ነበር። ከሰውየው ጋር የተሞረደ ድንጋይ፣ መጥረቢያ፣ የባልጩት መሣሪያ፣ ቀይ አፈርና የባሕር ዛጎል ሲገኝ፣ የድመት ሳሕን ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህ የምንረዳው አንድም ድመት ያለ ሳሕን መኖር እንደምትችል፣ አንድም ሳሕኑን ቀባሪዎቹ ይዘውት እንደ ሄዱ ነው። ሄሮዶቱስ ደግሞ የግብፅ ሰዎች ድመት ስትሞትባቸው ቅንድባቸውን ይላጩ እንደ ነበር ጽፏል፤ ይህ ግን ከመግባቷ ሳይሆን ከመሰናበቷ ጋር የተያያዘ ወጪ ስለሆነ ከርእሳችን ውጭ ነው።

በዘመናችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሊቃውንት ተነሥተዋል። የእልፍኝ ሊቃውንት የምላቸው፣ ከውጭ አገር ሲመለሱ ወይም በቦሌ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ አጠገብ ሲያልፉ ያዩትን ይዘው፣ ለግልገሏ አልጋ፣ ሁለት ሳሕን፣ የአንገት ማሰሪያ፣ የመጸዳጃ ሣጥን፣ የጥፍር መሳያ እንጨት፣ የላስቲክ አይጥና በከረጢት የታሸገ ደረቅ ምግብ ይገዛላት ይላሉ። የማድቤት ሊቃውንት፣ ማለት እናቶችና አያቶች፣ ካርቶንና አመድ ይበቃታል፣ የቀረውን ራሷ ትፈልገው ብለው ይፈርዳሉ። የላስቲኩ አይጥ በተለይ በሁለቱ መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ አይጥ ታጠፋልን ተብላ ለመጣች እንስሳ ሰው ተጨማሪ አይጥ በገንዘብ ገዝቶ የሚያስገባበትን ምሥጢር የማድቤቱ ወገን እስከ አሁን ሊረዳው አልቻለም። እኔ በብዙው ከማድቤቱ ወገን ነኝ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ከሁሉ የሚበልጠውን ንዋይ እንደ ዘነጉት በቦታው አስረዳለሁ።

ስለ መጓጓዣው ብዙ መናገር አያሻም። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ ጡት እንዳትለይ፣ መንገዱንም አይታ ተመልሳ እንዳትሄድ በዘንቢል ተከድና ትምጣ የሚለው የቀደሙት ሰዎች ምክር በቂ ነው። ዘንቢል በሌለበት ጆንያ፣ ጆንያ በሌለበት ከላይ የተጠቀሰው የልጅ ሹራብ ያገለግላል፤ ሹራቡ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሹራብነቱ አይመለስም።

የአመድ ነገር ጠለቅ ያለ ነው። ድመት የወጣላትን በአፈር መሸፈን ማንም ሳያስተምራት የምታውቅ ፍጥረት ስለሆነች፣ ቤተሰቡ የሚጠበቅበት የሚሸፈንበትን ማቅረብ ብቻ ነው። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ይኖር የነበረ ኤድዋርድ ሎው የተባለ ነጋዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ የሚሆን አሸዋ ፈልጋ ብትመጣ እርጥበት የሚመጥ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ እርሷም አመድና አሸዋን ትታ በዚሁ ጸናች፤ ሰውየውም አፈር በከረጢት እየሸጠ ባለጸጋ ሆነ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የአሜሪካ ድመቶችም እስከ 1947 ድረስ በሥርዓታቸው ከእኛ ድመቶች ጋር አንድ እንደ ነበሩ ነው። የእኛዎቹ በጥንቱ ጸንተው ቢቆዩም፣ ከሰል በማይነድበት፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት በኮንዶሚኒየም ቤት አመድ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን አስጨንቋል። በአንዳንድ ሰፈር ችግሩ የተቃለለው በሰው ብልሃት ሳይሆን በድመቶቹ ነው፤ ሕንፃ ለመሥራት አሸዋ ያስወረደ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ለመንደሩ ድመቶች በጎ አድራጊ ሆኗል። በቤት ያለውን ግን በየዕለቱ መጥረግ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በቱኒስ የታወቀው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ ከድመቷ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ኀይል የሚያገኘው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነውና። ነፍሰ ጡር ሴት ከዚህ አገልግሎት ነጻ ናት። የቤቱ አባወራ ግን ነጻ የሚሆንበት ምክንያት በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ምግቧ እንግባ፤ በዚህ አንቀጽ አገራችን ከሌላው ዓለም የተለየ ፈተና አለባትና። ወተት ይቀመጥላት የሚለው የቆየ ልማድ፣ ጡት ከጣለች በኋላ የወተቱን ስኳር የመፍጨት ኀይሏ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ሆዷን ከማስቀመጥ በቀር የሚያመጣው በረከት የለም። ማርና ስኳርም ከንቱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ተረጋገጠው ድመት የጣፋጭን ጣዕም የምትለይበት ዘር ተበላሽቶባታል። ወጡ ደግሞ በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የድመትን ቀይ ደም የሚያፈርስ መርዝ ስለሆነ፣ እኛ ያለ እርሱ ድስት የማንጥደው ነገር ለእርሷ ሞት ነው። ሽሮም ቢሆን፣ ሽንኩርቱ ቢቀርለት እንኳ፣ ከሥጋ እንጂ ከእህል የማይገኘው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የለውም፤ ይህ የጎደለባት ድመት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። እንግዲህ የሚቀረው ሥጋ ነው፤ ከሥጋም ርካሹና ከልኳንዳ ቤት ለድመት ተብሎ የሚለመነው ሳንባ፣ በሚገባ ከተቀቀለ።

ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ነነዌ አለ፤ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት በሚወጡበት በዚህ ሁሉ ቀን ግልገሏ ምን ትብላ? በልማድ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዲጾም አይገደድምና፣ የሁለት ወሯ ግልገል ያለ ክርክር ነጻ ናት። ነገር ግን በቤት በጥንቃቄ የተያዘች ድመት ከ12 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል፣ ሰባት ሲሞላት ጥያቄው እንደ ገና መነሣቱ አይቀርም፤ የቀደሙት ሰዎችም «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ማለታቸው፣ ነገሩ በዘመናቸው ተሞክሮ እንደ ነበረ ያመለክታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክርም ድመቶች ከጥንት ጀምሮ አቋማቸውን ሳይለውጡ ቆይተዋል።

ብዙዎቹ ልኳንዳ ቤቶች በዐቢይ ጾም ስለሚዘጉ፣ የተቀቀለው ሳንባ በቅበላ ሰሞን ተገዝቶ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ጨዋ ሰው በሁዳዴ እኩሌታ ክፍት ልኳንዳ ፈልጎ፣ አንገቱን በነጠላ ሸፍኖ ሩብ ኪሎ ሥጋ ሲያስመዝን የንስሐ አባቱ ወይም የዕድሩ ዳኛ ቢያገኘው፣ «ለድመት ነው» ብሎ መናገሩ አይቀርም፤ ይህም በአማርኛ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ አማኝ ያጣ ቃል ነው። ስለዚህ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ምስክር መሆኑን ልብ ይሏል። ምስክር ያጣ ሰው ግልገሏን ራሷን በክንዱ ይዟት ቢሄድ ይሻለዋል፤ እርሷም በልኳንዳው ደጃፍ የምታሳየው ጠባይ ከመሐላ የበለጠ ኀይል አለው።

ከዚህ በላይ ካስረዳሁት ሁሉ የሚበልጠው ንዋይ ግን መክደኛ ነው። ሁለቱም ወገን ሊቃውንት ለግልገሏ ምን ይሰጣት እያሉ ሲከራከሩ፣ ከእርሷ ምን ይከደንባት የሚለውን አልጠየቁም፤ በቤት ውስጥ ያለው ሀብት ሁሉ በእርሷ ዘንድ ገና ያልተከፈለ ድርሻዋ መሆኑን ዘንግተዋልና። የወጡ ድስት፣ የሊጡ ቡሃቃ፣ የቅቤው ቅል፣ የወተቱ ጣሳ፣ ለአባወራው የተቀመጠው እራት፣ እያንዳንዳቸው መክደኛ ያሻቸዋል። የሞሰብን መክደኛ ያሰቡትን የቀደሙትን ሴቶች በዚህ አጋጣሚ ማመስገን ይገባል፤ ውበት ነው ብለን ያለፍነው ያ የሾለ ክዳን፣ ቢመረመር፣ ድመት የማትቀመጥበት ተደርጎ የተሠራ ነው።

መክደኛውም ብቻውን አይበቃም፤ በላዩ የሚጫን ድንጋይ ያሻዋል። በስምንት ሳምንቷ ግልገል ከአንድ ኪሎ በታች ስለምትመዝን ጡጫ የምታህል ድንጋይ ትበቃለች፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ግን ሦስት አራት ኪሎ ስለምትሆን፣ ድንጋዩም ከእርሷ ጋር ማደግ አለበት። አስተዋይ ቤተሰብ በየመጠኑ አስቀድሞ ይለቅማል። ቋንጣን በተመለከተ፣ ያደገች ድመት የቁመቷን አምስት ስድስት እጥፍ ያህል ስለምትዘል፣ ገመዱ ከሜትር ተኩል በላይ ይሰቀል ቢባል ትክክል ይመስላል፤ ይህ ስሌት ግን ወንበርን፣ ቁም ሣጥንን፣ የተኛውንም አባወራ ትከሻ አላስገባም።

የአንገት ማሰሪያውን ነገር ባጭሩ ልዝጋው። አይጦች ተሰብስበው በድመት አንገት ቃጭል ማን ይሰር ብለው ቢመክሩ ደፋር እንደ ጠፋ ሁላችን ከልጅነታችን እናውቃለን። ዛሬ የእልፍኝ ወገን ቃጭል ያለው ማሰሪያ በገዛ ገንዘቡ እየገዛ ያስርላታል፤ የአይጦችን ጉባኤ ውሳኔ በመጨረሻ ያስፈጸመው አባወራው ነው። ስለ ክትባትም ሦስት ወር ሲሆናት ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ማስወጋት ግዴታ እንደ ሆነ መናገር ይበቃል፤ በዚህ አልቀልድም።

ቋንቋዋን ሳያውቁ መቀበልም አይገባምና፣ «ሚያው» የሚለውን ዘር በአበው ሥርዓት እንተርጉመው። «ሚያው» አለች፤ ራበኝ ስትል ነው። አንድም በሩ ይከፈትልኝ። አንድም በሩ ተከፍቶልኛልና አልወጣም። አንድም ድንጋዩን አንሡልኝ። አንድም ምንም። የመጨረሻውን ትርጓሜ የሚቀበሉ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚሰማው ድምፅ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የቀረው የሕግ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆንም ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ግልገሏ በአጥር ተሻግራ የጎረቤትን ቋንጣ ብታወርድ፣ መክደኛችን ሁሉ በየቦታው ነበረ ብሎ መከራከር አያድንም። ሕጉ ግን መሐሪ ስለሆነ፣ የራሱ ጥፋት የሌለበት ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከኀላፊነት የሚወጣበትን መንገድ ትቶለታል። ይህ ድንጋጌ በድመት ላይ ቢፈጸም፣ ጎረቤት ቋንጣውን ላጣበት ካሣ ቋንጣውን የበላችውን ይረከባል ማለት ነው፤ እርሷም ማታውኑ በአጥር ተመልሳ ትመጣለች፤ ነገር ግን በባለቤትነት የእርሱ ስለሆነች፣ በቀጣዩ ቀን ከእኛ ቤት የምታወርደውን የሚከፍል እርሱ ነው። በርክክቡ ጊዜ ንዋይዋ አብሮ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ሕጉ አልዘረዘረውምና ለዳኞች የሚተው ነው። በእኔ አስተያየት ካርቶኑና ቃጭሉ ከእርሷ ጋር መሄድ አለባቸው፤ መክደኛውና ድንጋዩ ግን ይቀራሉ።