የበዓል ማግስት የቤት ማስዋብ አዋጅ ቁጥር 1/2018

ስማ ግራና! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በመርሳ፣ በስሪንቃና በወልድያ ያለህ ጎረቤትም ደስ ካለህ ገልብጠህ ውሰድ፤ ቴምብር አይለጠፍበትም።

መግቢያ

የፕላስቲኩ የገና ዛፍ ታኅሣሥ 29 ቆሞ፣ ጥምቀት መጥቶ ሄዶ፣ ቃና ዘገሊላም ጥር 12 ተሸኝቶ፣ ዛፉ ግን ከጥጉ ንቅንቅ አልልም በማለቱ፤

ስዊድኖች እንኳ በእነሱ ገና በሃያኛው ቀን፣ ማለትም ጃንዩዋሪ 13፣ ዛፋቸውን አመስግነው ከቤት የሚያስወጡ ሲሆን፣ በዚሁ ስሌት ጥር 18 መሰናበት ያለበት የእኛው ዛፍ ለፋሲካ ዶሮ ሊደርስ ያሰበ በመምሰሉ፤

ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማ ደርቆ፣ ከአውድማ ከሚገባው ብናኝ ጋር ተደባልቆ፣ ቤተሰቡን በሙሉ በማስነጠስ ላይ በመሆኑ፤

ቆላችን ቀን ቀን ቢያቃጥልም የጥር ንጋት ግን የማይራራ ሆኖ ሳለ፣ ወፍራሙ ባለአበባ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ልጆች በሳሳ ነጠላ ተጠቅልለው የሚያድሩ በመሆኑ፤

ባጠቃላይም ቤታችን በዓመት ለጥቂት ቀን ለሰው ዓይን አምሮ፣ ለሚኖሩበት ግን መጋዘን ሆኖ በመክረሙ፤

እኛ የግራና የቤት እመቤቶች፣ ማንም ሳይመርጠን፣ መጥረጊያው በሰጠን ሥልጣን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

ሀ. «እንግዳ» ማለት ዓመት ሙሉ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ፣ ሲመጣም «አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ» የሚል ሰው ነው።

ለ. «ቡፌ» ማለት ምንም ያላጠፉ ብርጭቆዎች ፍርድ ሳይሰጣቸው በመስታወት ውስጥ የሚቆዩበት ዕቃ ነው።

ሐ. «ዳንቴል» ማለት መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን እንዳይበርደው የሚያለብሱት ጥልፍልፍ ሥራ ነው።

መ. «የቤት ሰው» ማለት አፉ በተሸረፈ ሲኒ የሚጠጣ፣ ሶፋው እንዳይቆሽሽ መደብ ላይ የሚቀመጥ፣ የቤቱን ወጪ ግን የሚሸፍን ሰው ነው።

አንቀጽ 2፦ ከቤት ስለሚወጡ

ሀ. ዛፉ ተጣጥፎ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ካርቶኑን ለሽንኩርት የወሰደ ሰው ይመልሳል።

ለ. አየሩ ወጥቶ ተሸብሽቦ የተንጠለጠለ ፊኛ ጌጥ መሆኑ ያበቃል። ያለፈው ዓመት ካላንደርም ይወርዳል፤ ሆኖም ጀርባው ላይ የዕቁብ ሒሳብ የተጻፈበት እንደሆነ ሒሳቡ እስኪዘጋ በሰነድነት ይቆያል።

ሐ. የደረቀው ቄጠማ ተጠርጎ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይገባል። ወደ ጎረቤት ደጅ መጥረግ በአንቀጽ 6 ያስቀጣል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ግድግዳ

ሀ. ባለፈው ክረምት ዝናቡ የላሰው የግድግዳ እግር በዚህ ወር ይመረጋል። ከጥር የተሻለ ጊዜ የለም፤ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጭዱ ትኩስ ነው፣ በልግ ደግሞ ገና ደመናውን እየሰበሰበ ነው። «ከበልግ በኋላ እናየዋለን» ያለ ሰው ግድግዳውን ሳይሆን ጎርፉን ያያል።

ለ. ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰንብት። ጭዱ ሲብላላ ጭቃውን ያያይዘዋል፤ በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የተለጠፈ ጭቃ ግን ፀሐይ እንዳየው ይሰነጠቃል። ምርጊቱ ሲደርቅ በእበት ይለቀለቃል፤ በላዩ ኖራ ወይም ነጭ አፈር ይቀባል።

ሐ. ጭቃ መርገጥ የባል ሥራ ነው። «ወገቤን» ማለት ይፈቀዳል፤ ከደጅ ቆሞ «እዚህ ጋ ትንሽ ይቀራል» ማለት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

መ. የመካ ሥዕል የተሰቀለበት ቤት ሲመረግ የማርያም ሥዕል ያለባት ጎረቤት ውሃ ትቀዳለች፤ በማግስቱ ተራው ይዞራል። ሥዕሎቹን ማንም አይነካም፤ አቧራ ማራገፍ ብቻ ይፈቀዳል።

አንቀጽ 4፦ ስለ አዲስ ጌጥ

ሀ. አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ ይታጠባል ወይም ይሰናበታል። በምትኩ የማሽላ ዘለላ ይሰቀላል። ለዘር የተመረጠ ዘለላ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጢስ ሲጠጣ ነቀዝ እንደሚሸሸው አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ጌጡ ይዘራል፣ ይበላልም። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ተብሎ በስማችን ሲጠራ፣ እኛ ለሩቅ አገር ፕላስቲክ ግድግዳ መስጠታችን ለትዝብት ዳርጎናል።

ለ. ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ በአለላ ያጌጠ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እህል ለማበጠር ሲፈለግ ግን ይወርዳል። የሰፋችው እጅ በሕይወት እያለች ሰፌዱን ሙዚየም ማስገባት ክልክል ነው።

ሐ. የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ባለበት ይቀጥላል። ጽሑፉ ግን ወደ ላይ ይዙር፤ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ «50 ኪሎ» እያነበበ አይደር።

አንቀጽ 5፦ ስለ ምሕረት

ሀ. የቡፌው ብርጭቆዎችና ባለወርቅ ቀለበቶቹ ሲኒዎች ያለ ዋስ ተፈትተዋል። ዛሬውኑ ቡና ይጠጣባቸው።

ለ. ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ወጥቶ የልጆች አልጋ ላይ ይውላል። እንግዳ ሌሊት ቢመጣ ከልጆቹ ጋር ይጋፈፍ።

ሐ. ከሶፋው ላይ ላስቲኩ ይነሳ። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ የቤቱ አባወራ የተቀመጠው ላስቲክ ላይ እንጂ ሶፋ ላይ አለመሆኑ ታውቋል።

አንቀጽ 6፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የጣሰ አባወራ አማቾቹ በተገኙበት በተሸረፈው ሲኒ ቡናውን ይጠጣል። የጣሰች እመቤት እንደሆነች፣ ቡፌዋን ከፍታ እያንዳንዱን ብርጭቆ የት፣ መቼና በስንት እንደገዛች ለጎረቤት ታስረዳለች። ይህኛው ቅጣት ስለሚወደድ በተደጋጋሚ አይሰጥም።

አንቀጽ 7፦ የጊዜ ገደብ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ስትታይ በዚያው ሳምንት ይከተላል። የሁለቱም ቤት በአንድ ሳምንት ስለሚጾም፣ ጭቃ ረጋጩም በባዶ ሆዱ ስለሚያማርር፣ ሥራው ሁሉ ከዚያ በፊት ይጠናቀቃል።

አንቀጽ 8፦ ስለተሻሩ ሕጎች

«አትንካ፣ ለእንግዳ ነው!» የሚለው፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ልማዳዊ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። የሻርነውም እኛው ያወጣነው ነን።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም፤ በቡና ላይ ይነበባል። ከአቦል ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ማሻሻያ የሚያቀርብ ሰው እስከ በረካ ድረስ ይችላል። ማሻሻያውን የሚያቀርበው ግን እግሩ ላይ ጭቃ የታየ ብቻ ነው።

ግራና፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.