ጠብቀውናል

ጠባቂዎቻችንን የሚወቅስ በዛ፣ የሚያመሰግን ጠፋ። እኔ ዛሬ አትላንታ ያለውን የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅት ኢኩዊፋክስን ላመስግን። አሜሪካ ውስጥ መኪና በዱቤ የገዛ ሐበሻ ሁሉ ታሪኩ እነሱ ዘንድ ይቀመጣል። አደራውን እሱ አልሰጠም፤ አበዳሪው ሰጠለት። ሳይለምኑት የሚቀበል ባለአደራ ከወዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. ማርች 2017 አፓቺ ስትረትስ የተባለው ሶፍትዌር ቀዳዳ እንዳለው ሲታወጅ መድፈኛውም አብሮ ወጣ። ድርጅቱ ወዲያው በ48 ሰዓት ይደፈን የሚል ኢሜይል በተነ። ትእዛዙ ግሩም ነበር፤ ቀዳዳው ግን ኢሜይል አያነብም። ሜይ ላይ እንግዶች በዚያው በኩል ገቡ። እስከዚያ ድረስ ድርጅቱ ጠብቋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

የሚወጣውን መረጃ የሚፈትሽ መሣሪያም ነበራቸው። ሰርተፊኬቱ ጊዜው ካለፈ ብዙ ወር ሆኖት ማየት አቁሟል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ላለው ግጥም ይገባዋል፦

ሌባው ጎተራውን ነድሎ ሲያሳልፍ፣
ዘበኛው ጠበቀ ሌሊቱ እስኪያልፍ።

ጁላይ 29 ሰርተፊኬቱ ሲታደስ መሣሪያው ዓይኑን ገለጠ። የ147 ሚሊዮን ሰው ስምና የትውልድ ቀን፣ የአብዛኞቹም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሄዷል። ምስጢር መጠበቅንማ ከእነሱ ይማሯል! ለባለቤቶቹ የነገሩት ሴፕቴምበር 7 ነው፤ አርባ ቀን ሙሉ ጠበቁ። አገራችን ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳውም፣ ሙት የሚታሰበውም በአርባው ነው። የቱን አስበው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የአርጀንቲናው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ድረ ገጽ ደግሞ ስሙም ‹አድሚን›፣ ይለፍ ቃሉም ‹አድሚን› ሆኖ ተገኘ። ቤት ለእንግዳ ማለት ይኸው ነው። እኛስ መቼ እናንሳለን? በየቢሮው ይለፍ ቃሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ተለጥፏል፤ የአይቲው ልጅ በየሦስት ወሩ ቀይሩ ብሎ ሲጨቀጭቅ መጨረሻው ላይ ያለችው 1 ወደ 2 ትለወጣለች። ወረቀቱ ግን አይለወጥም፤ በእስክሪብቶ ይታረማል።

ሥልጣናቸውን የለቀቁት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሪቻርድ ስሚዝ ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ ቀዳዳው ይደፈን የሚለውን መልእክት ማስተላለፍ የነበረበት አንድ ሰው አላስተላለፈም አሉ። አንድ ሰው! የ147 ሚሊዮን ሕዝብ ዕዳ የሚሸከም ትከሻ ያለው ሠራተኛ መርጦ መቅጠርም ችሎታ ነው።

በ2019 እርቅ ወረደ፤ እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተባለ። ተጎጂው 125 ዶላር ወይም ነጻ የክሬዲት ክትትል እንዲመርጥ ቀረበለት። ሕዝቡ ምን ይሁን፣ ወደ ገንዘቡ ተመመ። ለካ ለዚያ የተመደበው 31 ሚሊዮን ብቻ ኖሯል፤ ለሁሉ ቢካፈል 21 ሳንቲም መሆኑ ነው። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽንም ክትትሉን ብትመርጡ ይሻላችኋል ሲል መከረ። ክፍያው መድረስ የጀመረው በዲሴምበር 2022 ነው። እስከዚያ ጠባቂው ሕዝቡ ነበር።