ባለ ስምንት ቀንዱ ራውተር

ድሮ አባወራ በቡፌው ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ በሜጋ ቢቱ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር፣ ካርታው በተበተነበት፣ «እኔ ቤት 50 ነው ያስገባሁት» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከጎኑ የተቀመጠው ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ እንኳ ወደ 100 አሳድገነዋል» ይላል። መቶው ምን እንደሚሠራላቸው የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አልተገኘም።

ጋሽ እገሌን እንውሰድ። እገሌ ያልኳቸው ብዙ ስለሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አላቸው። ፋይበሩ የገባ ዕለት ቴክኒሻኑ ገመዱ ግድግዳውን በስቶ በወጣበት፣ ሳሎኑ ጥግ፣ ሣጥኗን ሰካ፤ አረንጓዴ መብራቷን አሳይቶ ሄደ፤ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል። ባለቤታቸው የተንጠለጠለ ነገር ስለማይወዱ ሣጥኗን እዚያው አጠገብ ካለው ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርጉ ብርጭቆዎች ኋላ አስገቧት። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ቦታ ቀይሯል፣ መጋረጃው ተቀይሯል፣ ሠራተኞች መጥተው ሄደዋል። ራውተሩ ግን ቋሚ ንብረት ነው።

ቡፌው ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጀርባው መስታወት ነው፤ መስታወት ከኋላው ስስ የብረት ቅብ ስላለው ብርሃኑን እንደሚመልስ ሁሉ የራዲዮ ሞገዱንም ይመልሳል። ከፊቱ ትልቁ ቴሌቪዥን ቆሟል። ከጎኑ ፍሪጁ አለ። ኮሪደሩ ላይ፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ የተሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ውኃ ሞገድ ይጠጣል። ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ፎቅ ልውጣ የሚል ጀግና ሞገድ ቢኖር ፌሮ የተጠላለፈበት ሶሌታ ይጠብቀዋል። ሣጥኗ ላይ የተደፋውን ዳንቴል ግን በሐሰት አልወነጅልም። ጥጥ ሞገድ አይከለክልም፤ አየር ከልክሎ ሣጥኗን ማንደድ ብቻ ነው ሥራው።

እንግዲህ ፎቅ ላይ ቪዲዮው እየተቋረጠ አስቸገረ። ጋሽ እገሌ ምን አደረጉ? ፓኬጁን አሳደጉ። ጥርት ያለ ፊልም ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል፤ ፎር ኬ የሚባለው እንኳ 15 አካባቢ ካገኘ አያጉረመርምም። 100 ከፍሎ መኝታ ቤቱ 3 ብቻ የሚደርሰው ሰው፣ የቀረው 97 የት ገባ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ ያለ የጭቅጭቅ ሰው አይደሉም። 200 አስገቡ። አሁን የሚጠፋው 197 ነው፤ ቢያንስ ኪሳራውም ወግ ያለው ሆነ።

ይህም አልረዳ ሲል ወደ ሱቅ ወረዱ፤ ባለ ስምንት ቀንዱን ይዘው ተመለሱ። ሻጩ «ይሄ ግድግዳ ይበሳል» ብሏቸዋል። ዋይፋይ 7 ነው፤ የዚህ ትውልድ ዕቃዎች ማረጋገጫ ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2024 መባቻ ስለሆነ አዲስነቱ አይካድም። የጋሽ እገሌ ላፕቶፕ የሚችለው ግን እ.ኤ.አ. የ2009ኙን፣ ዋይፋይ 4 የሚባለውን ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚግባቡት በሽማግሌው ልክ ነው። አዲሱን ከአሮጌዋ ሣጥን ጋር ያገናኙትም ከመሳቢያ በተገኘ ገመድ ነው። ስምንት ሽቦ ሊኖረው ሲገባ አራት ብቻ አለው፤ በአራት ሽቦ ደግሞ ከ100 በላይ አይታለፍም። የ200ው ፓኬጅ እዚያች ገመድ ላይ በግማሽ ተቆርጦ ቀረ፤ ማንም አላለቀሰለትም።

ጉልበትስ? ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ጋሽ እገሌ ኮረብታ ላይ ቆመው ማዶ ያለውን እረኛ ቢጣሩ ድምፃቸው ይደርስ ይሆናል፤ ጉንፋን የያዘው እረኛ የሚመልሰውን ግን እሳቸው አይሰሙትም። በትንሽ ባትሪ የሚኖር ስልክ ማለት ያ ጉንፋናም እረኛ ነው። እርግጥ የቀንዱ መብዛት ለመስማትም ጥቂት ያግዛል፤ ሶሌታ ግን አያቀልጥም። ደግሞ ስምንቱንም አጋድመው ጫፋቸውን ወደ መኝታ ቤቱ አነጣጥረዋል። እንዲህ ያለ ዘንግ ሞገዱን የሚለቀው ከወገቡ ወደ ጎን ነው፤ ከጫፉ የሚወጣው ከሁሉ ያነሰ ነው። መኝታ ቤቱ ላይ የተነጣጠረው እንግዲህ ስምንት ዝምታ ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት በዚህ ላይ ጎረቤት ጨምረውበታል። 2.4 ጊጋ ኸርትዝ በሚባለው ላይ ሳይነካኩ አብረው መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ራውተሩ ግን በየበሩ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጉልበተኛ ራውተር ሲያስገባ አራተኛው ፎቅ የባሰውን ያስገባል፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ተራ ይጠብቃል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዛሬ ኔት የለም» ይላል። ሰፊ ቦታ ወዳለው 5 ጊጋ ኸርትዝ መሻገር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ለዚያ ግን ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ ፓስወርዱ ከሣጥኗ ሥር ተለጥፏል፤ ሣጥኗን ማንቀሳቀስ እንደማይቻል ደግሞ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

ወደ ጋሽ እገሌ ልመለስ፤ ኤክስቴንደርም ገዝተዋል። ሞገድ ጭራሽ የማይደርስበትን ክፍል መርጠው እዚያ ሰኩት። ኤክስቴንደር የሰማውን የሚደግም ዕቃ ነው፤ ምንም በማይሰማበት ክፍል ምንምን በታማኝነት ይደግማል። ስልኩ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ጢም ብሎ ሞልቶ ይታያል፣ ገጹ ግን አይከፈትም፤ ለምልክቱ ብለው ለገዙት ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? የድሮው የመዳብ ስልክ ከማዕከሉ በሚመጣ ኃይል ስለሚሠራ በጨለማም ያናግር ነበር። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ሣጥኗ ስትጠፋ 200ውም አብሮ ይጠፋል። ለሣጥኗ የምትበቃ ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለች፤ ዋጋዋም ከባለ ስምንት ቀንዱ ጋር አይወዳደርም። ባትሪ ግን ቀንድ የለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ምኑ ይታያል?

አንድ ኤሌክትሪክ የሚሞካክር የሰፈር ልጅ በቀደም «ጋሼ፣ 20 ሜትር ደህና ኬብል ገዝተን ራውተሩን ደረጃው ጋ፣ የቤቱ መሐል ላይ ብናወጣውስ?» ብሎ ነበር። ጋሽ እገሌ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ኬብል ጂፕሰሙን ያበላሻል። ከዚያም በላይ ነገሩ ርካሽ ነው፤ ለ20 ሜትር ገመድ የሚዘፍን ዘመድ የለም። ልጁን ቡና ጠጥቶ እንዲሄድ አደረጉት፤ እስኪፈላ ድረስ ፓስወርዱን ጠይቆ ቲክቶክ ሊከፍት ሞክሮ ነበር።

ማታውን ጋሽ እገሌ ቡፌው ፊት ቆሙ፤ የቡፌውን በር ከፍተው፣ ስልካቸውን ቀንዶቹ መሐል ሰክተው ስፒድ ቴስት ሠሩ። 94 አለ። ከአራት ሽቦ ገመድ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ እሳቸው ግን ፎቶውን አንስተው፣ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ሊልኩ ወደ መኝታ ቤታቸው ወጡ። ፎቶው ግማሽ ላይ ቆሞ መሽከርከር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ በራሷ የሞባይል ዳታ ፊልም እያየች ነበር።

«እስቲ የኔ እናት፣ ሆትስፖትሽን አንዴ ክፈቺልኝ፤ የዋይፋያችንን ፍጥነት ለዘመድ ልልክበት» አሏት።